ድንጋይ ሲያብብ ያየው ሰው

ላስታ ውስጥ ድንጋይ ሲፈለፈል የማያውቅ የለም። ድንጋይ ሲያብብ አየሁ ያለ ግን አለነ ብቻ ነው፤ እሱም ባይናገረው ይሻለው ነበር። አገሬው ወሬ ይወዳል እንጂ ወሬኛ አያምንም። ጆሮውን ይሰጥሃል፣ እየሳቀ ያስወራሃል፣ ኋላ በቁም ነገር ቀን ያንኑ ወሬህን አውጥቶ ይፈርድብሃል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ፤ አለነንም እንደዚሁ እያሳሳቀ ነው የወሰደው።

አለነ የገነተ ማርያም ገበሬ ልጅ ነው። በጎረምሳነቱ ለባሕር ኃይል ተመልምሎ ምጽዋ ወረደ፤ እዚያም ከጀልባ ሥር እየጠለቀ የሚያጸዳ፣ ፓምፕ የሚፈታ፣ ቀዳዳ የሚደፍን ሆነ። አንድ ቀን ዳህላክ ደሴቶች አጠገብ ጠልቆ ዓይኑን ሲገልጥ ያየውን አየ። ድንጋዩ ቅርንጫፍ አውጥቷል፤ በየቅርንጫፉ ጫፍ አበባ ፈክቷል፤ አበባው እጅ ሲጠጋው ይከደናል። በመሀሉም በጥምቀት ታቦት ላይ የሚዘረጋውን ጥላ የመሰሉ ዓሦች ወዲያ ወዲህ ይላሉ። በሰማንያ ሦስት መንግሥት ሲለወጥ ባሕር ኃይሉ ተበተነ፣ ብዙም ሳይቆይ ባሕሩም ካገር ወጣ፤ አለነ አንድ ከረጢት ልብስ ይዞ ላሊበላ ገባ። ከዚያ ሁሉ ዓመት የተረፈው ሀብት ያየው ነገር ነበር። እሱንም በየድግሱ አወራው። ሰዉ «መርከበኛው» እያለ ይጠራው ጀመር፤ ጠላ ሲቀዳ «እስቲ ድንጋይህን አፍካልን» ይለዋል፤ እሱም የዋህ ነውና ያፈካለታል።

ጉዱ የመጣው ከጥቂት ዓመት በኋላ ነው። ገነተ ማርያም ላይ ወለተ ሩፋኤል የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት፣ የእርሻዋን ድንበር ድንጋይ ገፋብኝ ብላ ጎረቤቷን ቢሆነኝን ሽማግሌ ፊት አቆመችው። ቢሆነኝ ድንጋዩን በግንድ ፈንቅሎ ወደ እሷ ማሳ ሲያንከባልል ያየ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እናቱን ጠይቆ በማለዳ ወደ ላሊበላ የሚመለሰው አለነ። ሽማግሌዎቹ ከወይራው ሥር ተቀመጡ። ሰብሳቢው የአለነ ታላቅ ወንድም ቢተው ነበሩ። ቢተው ለወንድምም ለባዳም አንድ ሚዛን ያላቸው ሰው ናቸው፤ አለነን የጎዳውም ይኸው ነው።

«አለነ ወንድሜ ነው፤ እወደዋለሁ» አሉ ቢተው። «ግን ድንጋይ ያብባል ሲል ሁላችንም ሰምተነዋል። ድንጋይ አበበ ያለ ሰው ድንጋይ ሄደ ቢል ምን ይገርማል? ቃሉን ለምስክርነት አልቀበልም።»

ሰዉ ሳቀ። ቢሆነኝ ከሁሉም አብልጦ ሳቀ። ወለተ ሩፋኤል ግን አልሳቀችም፤ አለነን አንድ ጊዜ ቀና ብላ አይታ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ሳበች። የማሳዋ ቁራጭ በዚያው ቀረ። አለነን ያቃጠለው መሳቂያ መሆኑ አይደለም፤ የሴትየዋ መሬት በእሱ አፍ ምክንያት መሄዱ ነው።

ከዚያ ወዲያ አለነን ለምስክርነት የጠራው የለም። ሽማግሌ ሁን ያለው የለም፤ ዋስ ሁነኝ ያለው የለም። እሱም ስለ ባሕር አፉን ዘጋ። ያላዩት አገር አይናፍቅም ይላሉ፤ እሱ ግን አይቶታልና ዝም ብሎ ናፈቀ።

እንግዲህ አሠሪውን የሺሃረግን ላምጣላችሁ። የሺሃረግ ለቱሪስት መስቀልና የእጅ ሥራ ከመሸጥ ተነስታ ገደል አፋፍ ላይ ባለ ፎቅ ሆቴል ያቆመች ሴት ናት። ስትናገር ሰው ቀና ብሎ ይሰማታል፤ ስትቆጣ ውሻው ሳይቀር ከበር ዞር ይላል። አለነ በሆቴሏ የውሃና የመብራት ሠራተኛ ነው። አዲሱ ሚሊኒየም ሊገባ ሲል ዕቃ ልትገዛ ዱባይ ሄደች፤ ስትመለስ ሻንጣዋን ሳታስገባ አለነን አስጠራችው።

«ያ በፊት ታወራው የነበረው የሚያብብ ድንጋይ» አለችው። «በመስታወት ገንዳ ውስጥ አየሁት። አንድ ሆቴል መግቢያ ላይ ዘበኛው እስኪጠረጥረኝ ድረስ ቆሜ አየሁት።»

አለነ ከአሥር ዓመት በላይ አንድ ሰው እንዲህ እንዲለው ሲመኝ ኖሯል። ደስታው ፊቱ ላይ ወጣ፤ የሺሃረግም አይታ እንዳላየች አለፈችው።

«ለገና እዚህ ላይ እፈልገዋለሁ፤ አዳራሹ ውስጥ» አለች። «ላሊበላ የመጣ ሁሉ ድንጋዩን ውጭ አይቶ ሲያበቃ የባሕሩን ድንጋይ እኔ ዘንድ ይይ። ዕቃውን የምትመርጠው አንተ ነህ፤ ባሕር ያየህ አንተ ነህና። አዳራሹ ፎቅ ላይ መሆኑን ግን አትርሳ። ከሥሩ እንግዳ ይተኛል። እንግዳዬ ላይ ውሃ ከወረደ ባሕርህንም አንተንም በመስኮት ነው የማወጣችሁ።»

ቤት ገብቶ ለሚስቱ ለአዛለች ሲነግራት ሴትየዋ ነገሩን ከሥሩ ያዘችው። «ይሄ የዓሣ ጉዳይ አይደለም» አለች። «ጋሼ ቢተው መጥተው ሊያዩት ነው።»

«ከሰመረ ያዩታል።»

«ካልሰመረስ?»

«ካልሰመረማ እስካሁን ውሸታም ብቻ ነበርኩ፤ ከዚያ በኋላ ሞኝም እሆናለሁ» አላት። ቀልድ አስመስሎ ተናገረው እንጂ ቀልድ አልነበረም።

አዲስ አበባ ወርዶ የዓሣ ገንዳ የሚሠራ ዘመን የሚባል ወጣት አገኘ። ዘመን ሥራውን የሚያውቅ፣ ሲያስረዳም ሰው የማይንቅ ልጅ ነው። ሱቁ ውስጥ ከዳር እስከ ዳር ውሃ ይንቆረቆራል። አለነ ገና ከደጃፉ የጨው ውሃ ሽታ ሲሸተው የሃያ ዓመት ወጣት ሆኖ ገባ።

«ጋሼ፣ ዓሣው ቀላል ነው» አለው ዘመን። «ከባዱ ውሃው በምን ይወጣል፣ በምን ይጣራል፣ በምን ይመለሳል የሚለው ነው። እሱን ከሳቱ ባሕርዎ በሳምንቱ ይገማል፤ ካልገማም ወለል ላይ ያገኙታል።»

ከዚያ አንድ በአንድ አሳየው። የመጀመሪያው ባልዲ የሚያህል ክዳኑ የታሸገ ማጣሪያ ነው፤ አንዱ ቱቦ ከገንዳው ይስባል፣ ሌላው ይመልሳል። ይሄ ለትንሽ ገንዳ ደኅና ነው፤ የየሺሃረግ ገንዳ ግን ሦስት ሰው ጎን ለጎን የሚያስተኛ ነውና ባልዲው አይችለውም። ለትልቅ ገንዳ ከታች ሌላ ገንዳ ያስፈልጋል። የላይኛው ሲሞላ ትርፉ ወደ ታች ይወርዳል፤ እዚያ በከረጢት ይጣራል፣ አረፋ አውጪ የሚሉት ቁመታም ዕቃ ቆሻሻውን በአረፋ እያነሳ ይተፋዋል፣ ውሃው ይሞቃል፣ ፓምፑ መልሶ ወደ ላይ ይሰደዋል። ይህን አለነ ወዲያው ወደደው፤ የመርከብ ሥራ ይመስላል።

ክርክሩ የመጣው ትርፉ ውሃ ከላይኛው ገንዳ በምን ይውጣ በሚለው ላይ ነው። አንደኛው መንገድ ሣጥን መስቀል ነው። ሣጥኑ የገንዳው ከንፈር ላይ ይንጠለጠላል፣ ሾፌር ከበርሜል ናፍጣ በጎማ እንደሚስበው ውሃውን በቱቦ ከንፈሩን አሻግሮ ይስበዋል። መስታወቱ አይነካም። ሁለተኛው መንገድ መስታወቱን ከላይ በኩል መብሳት ነው።

«እርስዎ አገር መብራት ይጠፋል?» ሲል ጠየቀ ዘመን።

«አይጠፋም፤ አልፎ አልፎ ይመጣል እንጂ።»

ዘመን ሳቀ። «እንግዲያው ያስበሱት። የሚሰቀለው ሣጥን ውሃው ሲቆም ትንፋሽ፣ አየር ማለቴ ነው፣ ከገባበት ዳግመኛ ላይስብ ይችላል።»

አለነ ግን መርከበኛ ነው፤ መርከበኛ ደግሞ ቀዳዳ አይወድም። «ልጄ፣ እኔ ስንት ዓመት ቀዳዳ ስደፍን የኖርኩ ሰው ነኝ» አለው። «ውሃ የያዘ ዕቃ በገዛ እጄ አልበሳም።» ዘመን ደጋግሞ ለመነው። የለም አለ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ መርከበኛንም ጨምሩበት።

መስታወቱ በአይሱዙ ተጭኖ፣ በጭድና በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ ያን ሁሉ ጠመዝማዛ መንገድ ወጥቶ ሳይሰበር ገባ። ዘመን መጥቶ በሲሊኮን አጣበቀው፤ ሣጥኑን ሰቀለ፤ ለሙከራ የቧንቧ ውሃ ሞሉት። የታችኛውን ገንዳ አለነ ምድር ቤት፣ በጓሮው በኩል ባለች መጋዘን አኖረው፤ እንግዳ የፓምፕ ድምፅ እንዳይሰማ ብሎ ነው። ውሃው ወርዶ ተጣርቶ ወጣ። ዘመን በማግሥቱ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ። አለነ በአዳራሹ መሀል እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ እንደ ካፒቴን ተንጎራደደ።

በዚያው ቀን መብራት ጠፋ፤ ውሃው ቆመ፤ አንዲት ጠብታ አልወደቀችም። «አያችሁ» አለ አለነ ለሠራተኛው ሁሉ። ምሳውን ሊበላ ወጣ። መብራቱ ሲመጣ ፓምፑ ከታች መግፋቱን ቀጠለ፤ ሣጥኑ ግን ትንፋሽ ገብቶበት መሳቡን ትቷል። ወደ ገንዳው የሚገባ አለ፣ የሚወጣ የለም። ውሃው በከንፈሩ ሁሉ ዙሪያውን ገነፈለ፣ ምንጣፉን አለፈ፣ ከሥር ባለው ክፍል አንድ የጀርመን ሽማግሌ አልጋ ላይ ወረደ። ሽማግሌው እንኳ ሳቀ ይባላል። ከተማው ደግሞ ለሳምንት ሳቀ። መርከበኛው ባሕር አምጥቶ ፈረንጅ አጠመቀ አሉ። ወሬው ገበያ በሚወጡ ሰዎች ገነተ ማርያም ደረሰ፤ ቢሆነኝ ቤትም ገባ።

የሺሃረግ አልጮኸችም። ያ ደግሞ ከጩኸት ይብሳል። «መስኮቱን ልክፈት ወይስ ሌላ ነገር አለህ?» አለችው። እስከ ነገ ታገሺኝ ብሎ ወጣ።

ያን ማታ እህል አልቀመሰም። አዛለች ሣጥኑ እንዴት ውሃ እንደሚስብ እንዲያስረዳት ጠየቀችው። አስረዳት። እሷ ከኮን አገር የመጣች የገበሬ ልጅ ናት፤ ጥቂት አሰበች።

«መውጫውን ከካቡ በላይ ነው የሰቀልከው» አለች። «አባቴ እርከን ሲሠራ ካቡን ጨርሶ አይዘጋውም ነበር። ከላይ፣ ከካቡ ጫፍ ትንሽ ዝቅ አድርጎ አፍ ይተውለታል። ጎርፍ ሲመጣ ትርፉ በአፉ ይወጣል፣ አፈሩ ይቀራል። አፍ የሌለው እርከን በመጀመሪያው ክረምት ይናዳል። እርከኑን ለምን በሳኸው ያለው ሰው ግን አልነበረም።»

አለነ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። ልጅ ሆኖ ከወንድሙ ጋር ስንት ካብ ክቧል፣ ስንት አፍ ትቷል። ባሕር ወርዶ የአባቱን እርሻ ረስቶ ነበር። በዚያች ሰዓት ስለ ሚስቱ የተሰማው ኩራት ቀላል አልነበረም፤ እሷም ከፊቱ አነበበችው። ለዘመን ደወለና «መሰርሰሪያህን ይዘህ ና፤ ልክ ነበርክ» አለው።

የሺሃረግን ማሳመኑ ሌላ ዳገት ነበር። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳትሆንብኝ። ይሄን የሚያህል መስታወት በዓይኔ ፊት ልትበሳው?»

«እትዬ፣ ከተሰነጠቀ በመስኮቱ እኔው ራሴ እወጣለሁ።»

ገንዳው ተሟጠጠ። ዘመን መሰርሰሪያውን አስጠግቶ ቀስ እያለ ጀመረ፤ አለነ መስታወቱ እንዳይግል በብርጭቆ ውሃ ያንጠባጥብለታል። ድምፁ ጥርስ ያፋጫል። የሺሃረግ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ቆመች። ክቡ መስታወት ተፈልፍሎ በአለነ መዳፍ ላይ ወደቀ። ከዚያ ሁለተኛውን በሱ፤ አንደኛው ቢደፈን እሱ እንዲያወርድ ትንሽ ከፍ ተደርጎ ለክፉ ቀን የተቀመጠ ነው። ከቀዳዳዎቹ ፊት ጥርሱ እንደ ሚዶ የሆነ የመስታወት ክፍል አቆሙ፤ ውሃ በጥርሶቹ መሀል ያልፋል፣ ዓሣ አያልፍም። ከሚዶው ጥርስ ሥር በታች ያለ ውሃ ምንም ቢመጣ አይወርድም። አለነ ይህን ደጋግሞ ጠየቀ፤ ዘመንም ደጋግሞ አረጋገጠለት።

የታችኛውንም አስለወጠ። መብራት ሲጠፋ ከላይ የሚወርደው ትርፍና ቱቦው ውስጥ ያለው ሁሉ ተጠራቅሞ የሚያርፍበት ሰፊ ገንዳ አሠራ። ውሃ በሚመልሰው ቱቦ አፍ አጠገብም ትንሽ የትንፋሽ ቀዳዳ አበጀለት፤ ፓምፑ ሲቆም ቱቦው ወደ ኋላ ገንዳውን እንዳይመጠው። ቀዳዳ ጠላቱ የነበረው ሰው አሁን ቀዳዳ ማብዛት ጀመረ። ከዚያ የመብራቱን ቆጣሪ ራሱ እያጠፋ እያበራ ፈተነው። የሺሃረግ ከገንዳው ሥር አዲስ ነጠላዋን ዘረጋችና ወንበር አስመጥታ ተቀመጠች። ሲጨርሱ ነጠላዋን አንስታ ጉንጯ ላይ አደረገችው፤ ደረቅ ነበር። መልሳ ለበሰችው።

«ለጨው ከሰቆጣ የሚመጣውን አሞሌ ብናሟሟስ፣ እሱም የባሕር ልጅ ነው» ያለች አዛለች ነበረች፤ ዘመን ስቆ የራሱን የጨው ከረጢት አወረደ። ውሃው ከርሞ ከጠራ በኋላ ድንጋዮቹ ከዓሦቹ ጋር ከጅቡቲ በአውሮፕላን መጡ። ሲፈቱ ሁሉም ተከድነዋል፤ ግራጫ ድንጋይ ናቸው፤ አበባ የሚባል የለም። ያየ ሁሉ ሳቀ። «ላስታ ምን ጎድሏት ነው ድንጋይ በአውሮፕላን የሚመጣላት?» አለ የሆቴሉ ዘበኛ። አለነ አልተቆጣም። መንገድ የደከመው እንግዳ ወዲያው አይጫወትም አለና አዳራሹን ዘግቶ ጠበቀ።

መጀመሪያ ያየችው አዛለች ናት። ምሳውን ልታደርስለት መጥታ በመስታወቱ ፊት ቆመች፤ አንዱ ድንጋይ ቅርንጫፉን ዘርግቶ በየጫፉ ሐምራዊ አበባ አፍክቷል። ሌላው ሊከተል አፉን ከፍቷል። ምሳውን ወለል ላይ አስቀመጠችና እየተጠጋች አየች።

«አዲስ አልሆነብኝም» አለችው በመጨረሻ። «ስትነግረኝ ያየሁትን ነው ያየሁት።»

አለነ ዕንባው መጣ፤ አላበሰውም። በዚያው ዕለት ለወንድሙ ወደ ገነተ ማርያም መልእክት ላከ። ለገና ሲመጡ እኔ ዘንድ ይረፉ አለ። ስለ ድንጋዩ አንዲት ቃል አልጨመረበትም።

ገና ደረሰ። ያን ዓመት የመጣውን ሕዝብ የላሊበላ ሰው እስከ ዛሬ ያወራል። ከኮን፣ ከይምርሐነ ክርስቶስ ማዶ፣ ከየት የት እያለ በእግሩ የመጣው ተሳላሚ መንገዱን ሞላው። የላሊበላ ሰው ተሳላሚን ተቀብሎ እግሩን ያጥባል፤ የሺሃረግም በየዓመቱ ሠራተኞቿን በጓሮው በሳፋ አሰልፋ ታሳጥባለች። ቢተው ከአገራቸው ሰዎች ጋር ገቡ። ከኋላቸው ወለተ ሩፋኤል ነበረች፤ ራቅ ብሎ ቢሆነኝም ነበረ። አለነ ዱላቸውን ተቀበለና ጎንበስ ብሎ የወንድሙን እግር ራሱ አጠበ። ውሃው ሞቅ ያለ ነበር። በድካምና በደስታ ተጠምዶ ውሃው ከየት ሞቆ መጣ ብሎ አልጠየቀም።

«እግሬ ተፈታ» አሉ ቢተው።

«ጋሼ፣ አንድ የማሳይዎት ነገር አለ» አለና ወደ ላይ ይዟቸው ወጣ። የመጡት ሁሉ ተከተሉ። የሺሃረግ በሩን ከፈተች።

በመስታወቱ ውስጥ ድንጋዩ አብቦ ቆሟል፤ ቀዩ፣ ሐምራዊው፣ እንደ ገብስ ነዶ የሚወዛወዘው። ቢጫ ዓሦች በመሀሉ ያልፋሉ። ቢተው ገና አንድ እርምጃ ሳይጠጉ ከቱቦው በኩል የማንኮራፋት ድምፅ መጣ። ውሃው መፍሰሱን አቆመ። መብራቱ አልጠፋም፤ ፓምፑ ነው ትንፋሽ የሳበው። የገንዳው ውሃ ዝቅ ማለት ጀመረ። አለነ ወደ መስታወቱ ተጠጋ። ቢሆነኝ ከኋላ «ፈሰሰ፤ መርከቡ ሰጠመ» ሲል ተሰማ፤ የሳቁም ነበሩ።

ውሃው የሚዶው ጥርስ ሥር ሲደርስ ቆመ። ከዚያች መስመር አንዲት ጣት አልወረደም። ድንጋዩ እንዳበበ፣ ዓሦቹም እንደነበሩ ናቸው፤ ወለሉም ደረቅ ነው። አለነ መስመሯን አይቶ ነፍሱ ተመለሰች። «አይፈስም» አለ ዞር ብሎ። «እርከኑ አፍ አለው።» ይህን ብሎ ወደ ምድር ቤት ሮጠ።

መጋዘኗ ተከፍቷል። የሆቴሉ ሠራተኛ አሰለች ባልዲዋን ታችኛው ገንዳ ውስጥ ነክራ የቀረውን ትቀዳለች።

«ምን እየሠራሽ ነው?»

«ቧንቧው ከጠዋት ጀምሮ ውሃ የለውም፤ ተሳላሚውን ደግሞ በደረቅ እግሩ አናሳልፍም» አለች በቁም ነገር። «ይሄ ሞቆ አገኘነው። ጨው ጨው ይላል እንጂ ጥሩ ውሃ ነው። እግራቸው ይፈታል።»

በጓሮው አንድ ሰልፍ ሙሉ ተሳላሚ እግሩን ባሕር ውስጥ ነክሮ ተቀምጧል፤ አንዲት መነኩሴ ጠበሉ የማን ነው ብለው ይጠይቃሉ። አለነ ሊቆጣ አፉን ከፈተና የመጣለት ሳቅ ነው። ቁጣ ምን ያደርግለታል፤ የእንግዳ እግር ያጠበን ሰው በገና ዋዜማ ማን ይቆጣል? ለመተኪያ ጨው በጥብጦ ያስቀመጠውን በርሜል ከአሰለች ጋር ገልብጠው ገንዳውን ሞሉት። ፓምፑ ትንፋሹን ተፍቶ ሥራውን ያዘ።

ወደ ላይ ሲመለስ ውሃው ያለ አንድ ጠብታ ፍሳሽ በጥርሶቹ መሀል እየተንሸራተተ ይወርድ ነበር። ቢተው ከመስታወቱ ፊት አልተነሱም። ጣታቸውን ወደ አንዱ አበባ አስጠጉ፤ ከመስታወቱ ማዶ አንድ ዓሣ ሲነካው አበባው ክድን አለ፤ ጥቂት ቆይቶ ተከፈተ። እጅ ሲጠጋው ይከደናል ይል ነበር አለነ፣ ያኔ በየድግሱ። ቢተው ያንን ማስታወሳቸውን ፊታቸው ይናገራል።

«አገር ሁሉ ባለበት ቃሉን አልቀበልም ያልኩት እኔ ነኝ» አሉ ዘወር ብለው፤ ሰዉ ሁሉ እንዲሰማ ነው የተናገሩት። «አገር ሁሉ ባለበት እመልስለታለሁ። ወንድሜ ያየውን ነበር የሚያወራው።»

አለነ ጎንበስ ብሎ የወንድሙን ጉልበት ሳመ። ወለተ ሩፋኤል ከሰዉ መሀል አየችው፤ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ አልሳበችም። ቢሆነኝ ግን በዚያ ሰዓት ከአዳራሹ ወጥቶ ነበር።

ጥምቀት አልፎ ሰው ወደ እርሻው ሲመለስ ቢተው ሽማግሌዎቹን ከወይራው ሥር ሰበሰቡ። መልእክተኛ እስከ ሆቴሉ ደጃፍ መጥቶ አለነን ጠራ፤ የሺሃረግ በቅሎዋን ሰጠችው፤ አዛለች ጋቢውን አለበሰችው። የሰብሳቢነቱን ድንጋይ ቢተው ለሌላ ሽማግሌ ለቀው ራሳቸው ከሰዉ ጋር ተቀመጡ፤ ሚዛናቸው እንደዚያ ነው። አለነ ቆመና ያን ማለዳ ቢሆነኝ ድንጋዩን በግንድ ሲፈነቅል ያየውን፣ ከየት አንስቶ የት እንዳደረሰው፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ ተናገረ። የሳቀ ሰው አልነበረም።

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ሰብሳቢው «ወለተ ሩፋኤል፣ ድንጋይሽን ወደ ቦታው መልሺ» አሉ። ሌላ ምስክር አልጠሩም።